የመርከቦቹን መንገድ ለጠላት ማን ነገረ?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ዓመት ዴኒስ ዊትሊ የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ «ስትሬንጅ ኮንፍሊክት» የሚባል ልብ ወለድ ታሪክ አሳተመ፤ ትርጓሜውም እንግዳ የሆነ ፍልሚያ ማለት ነው። ደራሲው በ1897 ተወልዶ በ1977 የሞተ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ያገለገለ፤ ከዚያም የወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረ ሰው ነው። ስለ ጥንቆላና ስለ አጋንንት የጻፋቸው መጻሕፍት በዘመኑ እጅግ ብዙ አንባቢ ነበራቸው። ይህኛው ግን ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው፤ ይኸውም ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ የጀርመን አይሮፕላኖች ሎንዶንን ሌሊት ሌሊት በቦምብ በደበደቡበት ወራት አካባቢ መጻፉ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሎንዶን በእራት ገበታ ላይ ነው። ለመንግሥት ምሥጢር ቅርብ የሆነ አንድ ሽማግሌ ባላባት፣ ዱክ ደ ሪሽሎ ከሚባለው ወዳጁ ጋር ተቀምጦ ጭንቀቱን ያካፍለዋል። ለእንግሊዝ አገር እህልና የጦር መሣሪያ የሚያመጡት መርከቦች መንገዳቸው በምሥጢር ቢወሰንም፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ቀድመው ዐውቀው ይጠብቋቸዋል። ወሬውን የሚያወጣው ማን እንደ ሆነ ቢፈለግ ሊገኝ አልቻለም። ዱኩም መልእክቱ የሚተላለፈው በሽቦ ወይም በራዲዮ ሳይሆን ሥጋ በሚተኛበት ጊዜ በምትወጣው በነፍስ አማካይነት ነው ብሎ ያስረዳል። ከዚህ በኋላ ዱኩና ወዳጆቹ ጠላታቸውን በሕልም ዓለም እየተከታተሉ እስከ ሃይቲ ደሴት ይደርሳሉ፤ በዚያም ዶክቶር ሳተርዴ ከሚባል ታላቅ ጠንቋይ ጋር ይጋጠማሉ።

መጽሐፉ የሚመሰገንበት ነገር አለ። የእራቱ ገበታና የቦምቡ ድምፅ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የዚያን ዘመን የሎንዶን ሰው ኑሮ እንዴት እንደ ነበረ ያሳያል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን እንቅልፍን የጦር ሜዳ ማድረጉ ነው። ቀኑን ሙሉ የደከመ ሰው፣ ሌሊት በአልጋው ላይ እንኳ ዕረፍት የለውም፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ሥጋውን መጠበቅ አለበት። በየሌሊቱ ወደ መጠለያ ጉድጓድ ይወርድ ለነበረው ሕዝብ ይህ ነገር ተረት ብቻ አልነበረም፤ እንቅልፍ ማጣትን በራሱ ያውቀው ነበርና። ደራሲው ሰውን በፍርሃት ይዞ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ መጎተትን ጠንቅቆ ያውቃል።

ዳሩ ግን ደራሲው ክፉንና ደጉን የሚለይበት መንገድ ደካማ ነው። ዱኩ አጋንንትን የሚዋጋው በጥበቡ ብዛት ነው፤ ባላጋራው ጥቁር አስማት ቢያውቅ እርሱ ነጭ አስማት ያውቃል። ይኸው ዱክ አስቀድሞ በታየበት በ1934 መጽሐፍ፣ «ዘ ዴቪል ራይድስ አውት» በተባለው፣ መስቀልና ጠበል ከነጭ ሽንኩርትና በኖራ ከተሠመረ ክበብ ጋር እንደ አንድ ዓይነት መሣሪያ ተደርድረው ይገኛሉ። እንዲህ ከሆነ መስቀል የእምነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ክታብ ይሆናል፤ በደግና በክፉ መካከል ያለው ልዩነትም የልብ መሆኑ ቀርቶ የዕውቀት ይሆናል። የበለጠ ያወቀ ያሸንፋል እንጂ የበለጠ የታመነ ያሸንፋል አይባልም። ንስሐ የሚገባ ሰው በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ የለውም።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ ሃይቲ የተጻፈው ነው። የዚያች ደሴት ሕዝብ ከአፍሪካ በባርነት ተወስዶ፣ ጌቶቹን በጦር ድል ነሥቶ በ1804 ነጻ መንግሥት ያቆመ ነው። ቩዱ የሚባለው እምነቱም ከአፍሪካ ያመጣው አምልኮና የካቶሊክ ቅዱሳን ስም የተቀላቀለበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን እምነት አትቀበለውም፤ ነገር ግን አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብን በጠቅላላው የሰይጣን ሎሌ አድርጎ መሣል ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ዞምቢ የሚባለው፣ ከመቃብር ተነሥቶ ያለ ፈቃዱ ለሌላ የሚሠራ ሙት፣ ለደራሲው ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖለታል። ልብ ብሎ ቢያስብ ኖሮ ይህ እምነት ሞት እንኳ ከሥራ የማያሳርፈው የባሪያ ፍርሃት መሆኑን ባስተዋለ ነበር። ከዚያ የበለጠ አስፈሪ ታሪክ በእጁ ሳለ አልፎት ሄደ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር መጽሐፉ የተመሠረተበት ጥያቄ ነው። የመርከቦቹን መንገድ በእውነት ማን ነገረ? ጥያቄው የፈጠራ አልነበረም፤ በዚያ ጦርነት ወደ 30,000 የሚሆኑ የእንግሊዝ የንግድ መርከበኞች አልቀዋልና። መልሱ የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የጀርመን ባሕር ኃይል የምሥጢር ጽሕፈት ፈቺዎች የእንግሊዝን ባሕር ኃይል መልእክት ያነቡ ነበር። ሥራቸውን የጀመሩት አስቀድመው ነው፤ በ1935 እና በ1936 ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ የእንግሊዝ መርከቦች በሜዲቴራንያንና በቀይ ባሕር ሲመላለሱ የተላላኩት መልእክት ለእነዚህ ሰዎች መማሪያ ሆኖላቸዋል። ከ1942 ጀምሮም በአትላንቲክ የሚታጀቡት መርከቦች የሚመሩበትን ጽሕፈት በብዛት ፈትተው ያነቡ ነበር። እንግሊዞች ጽሕፈቱን የለወጡት በ1943 ሰኔ ወር ነው። እንግሊዞችም በበኩላቸው የጀርመንን ምሥጢር ይፈቱ ነበር። እንግዲህ መንገዱን የነገረው ጋኔን አይደለም፤ የራሳቸው የመርከቦቹ አዛዦች ጽሕፈት ነው።

ዊትሊ በ1941 ይህን ባለማወቁ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የሰውን ስንፍና የሚመለከተውን በር ቶሎ ዘግቶ ወደ መናፍስት በመሮጡ ነው። «ሰይጣን አሳሳተኝ» የሚል ሰው በደሉን ከራሱ ላይ አውርዶ በሌላ እንደሚጭን፣ ይህም መጽሐፍ አንድን መንግሥት ከመመርመር ያሳርፈዋል። የሚያስገርመው ግን ደራሲው ራሱ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ጠላትን የሚያሳስት እቅድ በሚያዘጋጀው የሎንዶን መሥሪያ ቤት መግባቱ ነው። በዚያ የሠራው በአስማት አልነበረም፤ በሐሰት ወሬና በወረቀት ነበር።

በጠላት በኩልም ያው ድካም ነበረ። የሂትለር ምክትል ሩዶልፍ ሄስ በ1941 ግንቦት ወር ወደ ስኮትላንድ በርሮ ከሄደ በኋላ፣ የጀርመን መንግሥት ኮከብ ቆጣሪዎችን በብዛት አሰረ። በሚከተለው ዓመት ግን የዚያው መንግሥት ባሕር ኃይል ኮከብ ቆጣሪዎችን በበርሊን ሰብስቦ፣ በካርታ ላይ በክር የተንጠለጠለ ክብደት እያወዛወዙ የእንግሊዝን መርከቦች እንዲፈልጉ አደረጋቸው። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ቪልሄልም ቩልፍ በማስታወሻው እንደ ተረከው፣ ምክንያቱ እንግሊዞች የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች በዚህ ዓይነት ያገኟቸዋል ተብሎ መጠርጠሩ ነው።

ሳኦልም ጠንቋዮችን ከአገሩ ካስወጣ በኋላ በጦርነት ዋዜማ ልብሱን ለውጦ ወደ ዓይንዶር ሴት ሄደ። የተጨነቀ ንጉሥ ያደረገውን የተጨነቀ መንግሥትም ያደርገዋል። መጽሐፈ ሳሙኤል ግን ስለ ሴቲቱ ጥበብ ብዙ አያትትም፤ ዓይኑ ያለው በሳኦል ላይ፣ ለዚያ ሌሊት ባደረሰው ሥራው ላይ ነው። የዊትሊ መጽሐፍ የጎደለው ይኸው ነው። በክረምት ሌሊት የሚያነበው ሰው ጊዜው በደስታ ያልፍለታል፤ መጽሐፉን ሲዘጋ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቅና መልሱን ከሃይቲ ይልቅ ከሎንዶን ጠረጴዛ ላይ ቢፈልግ፣ ደራሲው ያላሰበውን ጥቅም ያገኝበታል።