አንደበት ያገኘው ጭራቅ፦ «ድራኩላ» በቴሌቪዥን

የአየርላንድ ተወላጁ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» ከታተመ ጀምሮ ወደ መድረክና ወደ ፊልም ሲመላለስ የኖረ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ማርክ ጋቲስና ስቲቨን ሞፋት የጻፉት የቴሌቪዥን ዝግጅትም የዚሁ ረድፍ አባል ነው። በእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ 3 ቀን 2020 በሦስት ተከታታይ ምሽቶች ከታየ በኋላ በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም ተሠራጭቷል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ገንዘብም፣ ሙያም፣ ብቁ ተዋንያንም አልጎደሉትም። የጎደለው ሌላ ነው።

ጉድለቱን ለማሳየት አስቀድሞ የመጽሐፉን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። «ድራኩላ» አንድ ተራኪ የለውም። ከዳር እስከ ዳር በዕለት ማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራም፣ በጋዜጣ ቁራጭና በፎኖግራፍ በተቀረጸ ቃል የተገነባ ነው። ጸሐፊዎቹም የሚታደኑት ራሳቸው ናቸው፤ ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ጆናታን ሃርከር፣ መምህርቷ ሚና፣ ሐኪሙ ሲዋርድ። ባላባቱ ድራኩላ ግን ከጥቂት አጫጭር ደብዳቤዎች በስተቀር ብዕር አልተሰጠውም። ሃርከር በትራንሲልቫንያ ግንብ ታግቶ የሚሰነብትባቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ካለፉ በኋላ፣ ከሃያ ሰባቱ ምዕራፎች በአብዛኛዎቹ የምናገኘው ጥላውን ብቻ ነው። በመስኮት ላይ ክንፉን የሚያማታ የሌሊት ወፍ፣ አንገት ላይ ሁለት ትንንሽ ቁስሎች፣ ከቀን ወደ ቀን የምትገረጣ ልጃገረድ እናያለን። ድሉም የሚገኘው በዚሁ ጽሑፍ ነው። ሚና የሁሉንም ማስታወሻ በጽሕፈት መኪናዋ ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል ታሰናዳዋለች፤ አንዱ ያላወቀውን ሌላው አውቆት ይገኛል፤ ለየብቻቸው ቅዠት መስሎ የታያቸው ነገር አንድ ላይ ሲነበብ ማስረጃ ይሆናል። ቅርጽና ይዘት በዚህ መጠን ተዋሕደው የሚገኙባቸው የአስፈሪ ድርሰት ሥራዎች ብዙ አይደሉም።

የ2020ው ዝግጅት ይህን ግንባታ ገልብጦታል። ዴንማርካዊው ክሌስ ባንግ የሚጫወተው ድራኩላ ከፊታችን አይጠፋም፤ ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ በገዛ ግድያው ላይ ተረብ ይጨምርበታል። ተቀናቃኙ ቫን ሄልሲንግም እማሆይ አጋታ ሆና ቀርባለች። ዶሊ ዌልስ ገጸ ባሕርይዋን በሚያስደስት ብልኅነት ትጫወታታለች፤ ለውጡም በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የብዙ ሰዎች ትግል የነበረው ታሪክ የሁለት አንደበተ ርቱዓን የቃላት ግጥሚያ ሆኖ ቀርቷል። ሚና ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል እንደ እጮኛ ብቅ ብላ ትጠፋለች፤ የጽሕፈት መኪናዋም አብሯት ይጠፋል።

ለመጀመሪያው ክፍል ፍርድ ሳናጓድል መስጠት ይገባል። የጆን ሄፈርናን ሃርከር በግንቡ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲበሰብስ፣ ዝንብ በዓይኑ ላይ ስትሄድ ሲያልፋት፣ ተመልካች ዘግናኙን ነገር ራሱ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ክፍል ግን የችግሩ ዋና ማሳያ ነው። ስቶከር ድራኩላን ወደ እንግሊዝ ያመጣችውን ዴሜተር የተባለች መርከብ ጉዞ በካፒቴኑ መዝገብ በጥቂት ገጾች ብቻ ተርኮታል። መርከበኞች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የሚጽፈው ሰው ምክንያቱን አያውቅም፤ በመጨረሻም ካፒቴኑ ከመርከቡ መሪ ጋር እንደ ታሰረ ሞቶ ይገኛል። የመዝገቡ ፍርሃት ካለማወቅ የሚመነጭ ነው። ዝግጅቱ እነዚያን ገጾች ወደ አንድ ሙሉ ክፍል ለጥጦ፣ ተሳፋሪዎች ጨምሮ፣ ድራኩላን ከእነሱ ጋር ለእራት ያስቀምጠዋል። ገዳዩን ከሚፈልጉት ጋር አብሮ ሲፈልግ እንስቃለን እንጂ አንፈራም። ማን እንደ ገደለ ከመጀመሪያው እናውቃለንና።

በፍጻሜው ላይ ደግሞ ደራሲዎቹ እንደ ታላቅ ግኝት የሚያቀርቡት ነገር አለ። መጋረጃው ይቀደዳል፤ ፀሐይ በድራኩላ ላይ ታርፋለች፤ እሱም አይሞትም። የሚፈራው ብርሃኑን ሳይሆን ሞትን ኖሯል። በስቶከር መጽሐፍ ግን ፀሐይ ድራኩላን ገድላው አታውቅም፤ ኃይሉን ታዳክመዋለች እንጂ። ሃርከር በለንደኑ ፒካዲሊ ጎዳና በጠራራ ቀን አይቶታል፤ የሚሞተውም በስለት ነው። ገዳይ ፀሐይ የመጣችው ከጀርመናዊው ሙርናው ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ከታየው «ኖስፌራቱ» ነው። ያ ፊልም ያለ ፈቃድ የተሠራ በመሆኑ የስቶከር ባለቤት ከስሳ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ተፈርዶበት ነበር። እንግዲህ የ2020ው ዝግጅት የፈታው ፊልም የቋጠረውን ቋጠሮ እንጂ የመጽሐፉን ምሥጢር አይደለም። ግንቡ እንኳ ሁለቱም የቀረጹት የስሎቫኪያው ኦራቫ ነው።

ሙርናው መጽሐፉን እንደ ፈለገ ቀይሮታል፤ ግን ጭራቁን ዝም አሰኝቶ ፍርሃቱን ጠብቋል። ይኸው ቢ.ቢ.ሲ. ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 በፊሊፕ ሳቪል አዘጋጅነት ያቀረበው፣ ሉዊ ጁርዳን የተጫወተበት ዝግጅት ደግሞ በአነስተኛ አቅም ለመጽሐፉ ቀርቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ክርክራችን ለምን ተለወጠ የሚል አይደለም።

በአማርኛ ደም መጣጭ ስንል በዝባዡን ማለታችን ነው፤ ከመቃብር የሚነሣ ሙት በአሳባችን አይመጣም። ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ ካፒታልን ከዚሁ ፍጡር ጋር አመሳስሎታል። የስቶከር ባላባት በአቧራ የተሸፈነ የወርቅ ክምር ያለው፣ በለንደን አጠገብ ርስት በውክልና የሚገዛ፣ የእንግሊዝን የባቡር ሰሌዳ ሳይቀር የሚያጠና ባለንብረት ነው። ዘመኑን ወደ 2020 ያሻገረው ሦስተኛው ክፍል ይህን ለማንሣት ምቹ ነበር። እንዲያውም ድራኩላ ወደ አንዲት ተራ ቤት ገብቶ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ከነገሥታት ሀብት አስበልጦ የሚያደንቅበት ጥሩ ትዕይንት አለ። ደራሲዎቹ ግን አሳቡን እዚያው ጥለውት ወደ ጠበቃ ቀልድና ወደ ስልክ ጨዋታ ይሻገራሉ።

በዚሁ ክፍል ሉሲ በእሳት ከተቃጠለች በኋላ ትነሣለች። መስታወት አሁንም ቆንጆ አድርጎ ያሳያታል፤ በስልኳ ራሷን ስታነሣ ግን የከሰለ ፊቷን ታያለች። ለጥቂት ጊዜ የስቶከር ፍርሃት ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ እንደገና ንግግሩ ይቀጥላል።