ፈትሏና ምቱ

ጋቢ ሲገዛ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። ጠርዙን ማየት ይሻላል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣ ዳሩን በሁለት ጣት ይዞ እስከ ታች መከተል። ዳሩ ቀጥ ብሎ ከወረደ መወርወሪያው በየምልልሱ እኩል ተስቧል። ገባ ወጣ ካለ ሸማኔው ማጉን አንዴ አጥብቆታል፣ አንዴ አላልቶታል። ወይም ደግሞ ፈትሉ ራሱ አንዴ ቀጥኖ አንዴ ወፍሮ መጥቶበታል። ይህን ሁለተኛውን ገዢ ሁሉ ይረሳዋል፤ ጨርቅ የሚሠራው ሸማኔ ብቻ ይመስለዋልና።

አሁን እጄ ላይ ያለው ጋቢ ደብረ ወርቅ የተሠራ ነው። የፈተለችው ሚስት ናት፣ የሸመነው ባል። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው፤ ይህ ዛሬ በትእዛዝ ካልሆነ አይገኝም ማለት ይቻላል። ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አገር የሚያውቃት በማርያም ገዳሟ ነው። ደጋ ስለሆነች ማምሻውን ያለ ጋቢ ደጅ መቀመጥ አይቻልም። ጥጥ ግን በደጋው አይበቅልም፤ የቆላ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከገበያ በመጣ፣ ፍሬው ባልወጣለት ጥጥ ነው።

ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል። ጥቂት በጥቂት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተደረገ ቀጭን ብረት ይንከባለልበታል። ብረቱ ጥጡን ረግጦ ያልፋል፣ ፍሬው ፈልቆ ይወጣል። ችኮላ እዚህ ላይ ያስታውቃል። ብረቱን አጥብቀው ከተጫኑት ፍሬው ይሰበርና ስባሪው ከጥጡ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው የለም፤ ክሩ ውስጥ ገብቶ፣ ተሸምኖ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። በዚህ ጋቢ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ እሱም ከውስጠኛው ድርብ ላይ።

ቀጥሎ ደጋን ይመጣል። የደጋኑ ጅማት ጥጡ ውስጥ ገብቶ ሲነጠር ጥጡ ይፈታታል፣ አቧራው ይረግፋል፣ የቀረው ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይወጣዋል። ሴትዮዋ አመልማሎዎቿን መሶብ ክዳን ላይ ደርድራ አየኋት። አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ርዝመታቸው ከመዳፍ እስከ ጣት ጫፍ፣ ውፍረታቸውም አንድ ዓይነት። ያልተካከለ አመልማሎ ይዞ የተካከለ ክር ማውጣት እንደማይቻል ታውቃለች። ስለዚህ ከእንዝርቱ ይልቅ ለዚህ ጊዜ ትሰጣለች።

እንዝርት ቀላል ዕቃ ነው፤ ቀጭን ዘንግ፣ እሱ ላይ የተሰካ ክብ፣ ክሩን የሚይዝ ትንሽ መንጠቆ። ጭኗ ላይ በመዳፏ አሹራ ትለቀዋለች። እሱ ሲሽከረከር ግራ እጇ አመልማሎውን እየሳበ ያርቃል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፦ ጥጡ ይረዝማል፣ ክሩ ይከርራል። ስበቱ ከሽክርክሪቱ ከቀደመ ክሩ ልል ሆኖ ይበጠሳል። ሽክርክሪቱ ከቀደመ ይቋጠራል፣ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ልኩ ያለው በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ነው። ያቺ ቦታ ደግሞ አንድ አይደለችም። ለድር ሌላ ናት፣ ለማግ ሌላ።

ፈታይና ሸማኔ መተዋወቅ ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። ድር ተወጥሮ ይኖራል። በየምቱ ይፋተጋል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የመምቻው ጥርስ ይልጠዋል። ስለዚህ የከረረ፣ ቀጠን ያለ፣ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። ማግ ግን ውጥረት የለበትም። ከዳር እስከ ዳር አልፎ ይተኛል፣ ይመታል፣ አለቀ። ለጋቢ ማግ ልል ያለና ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱን የሚይዘው፣ ልስላሴውን የሚሰጠው እሱ ነው። በጣም የከረረ ማግ ያለበት ጋቢ ትከሻ ላይ እንደ ሸራ ይቆማል። በጣም የላላ ድር ያለበት ደግሞ ጋቢ ከመሆኑ በፊት ሸማኔው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ላይ ያልቃል።

እሷ ያደገችው ቀጭን ፈታይ በሚመሰገንበት ቤት ነው። ስታገባ ያመጣችው ሙያ ያ ነበር፦ የሸረሪት ድር የሚያህል ክር። ባልየው አንድ ሁለት ቀሰም ማግ ሸምኖ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«አንቺ፣ ይኼ እኮ ለነጠላ ነው። እኔ የያዝኩት ጋቢ ነው።»

«ታዲያ አስቀድመህ አትነግረኝም?»

ይህን ዛሬ ሲያወሩት ይስቃሉ። የዚያን ጊዜ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ክሩ ግሩም ክር ነው፤ ለዚያ ጨርቅ ግን አልሆነም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሥራ ሲይዝ መጀመሪያ አንድ ክንድ የሚያህል ክር ቆርጦ ይሰጣታል። ክሩ ከአሮጌ ጋቢ ወይም ካለፈው ሥራ የተረፈ ነው። እሷ እንዝርቷ አጠገብ ትሰቅለውና ፈትሏን በየጊዜው ከሱ ጎን እያደረገች በጣቷ ትዳስሳለች። መለኪያቸው ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ውፍረት ብዙ አይነጋገሩም።

ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ከታች ሁለት መርገጫዎች አሉ። አንዱ ሲረገጥ ከድሩ እኩሌታው ይነሣል፣ እኩሌታው ይወርዳል፤ በመሃል አፍ ይከፈታል። መወርወሪያው በዚያ አፍ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ያልፋል። ከላይ የተንጠለጠለው መምቻ ተስቦ ማጉን ያስጠጋዋል። ከዚያ ሌላው እግር ይረግጣል። የጨርቁ ስፋት አንድ ሜትር የማይሞላው ለዚህ ነው፤ መወርወሪያው በእጅ ተወርውሮ በእጅ ስለሚቀለብ ወርዱ ከሰው ክንድ ሊያልፍ አይችልም። ሰፋ ያለ ልብስ የሚገኘው ሁለት ወርድ ጎን ለጎን በመስፋት ነው።

መወርወሪያው ውስጥ ቀሰም አለ፤ ማጉ የተጠቀለለበት የመቃ ቁራጭ። ቀሰሙን የምትሞላው ሚስት ናት። ክሩ መሃል ላይ ጉብ ብሎ ጫፎቹ ላይ ቀጠን እንዲል አድርጋ ታደውራለች፤ ጫፍ ላይ የተከመረ ክር ሲፈታ እየተንሸራተተ ይተበተባል። በጣም ከሞላ ቀሰሙ መወርወሪያው ውስጥ አይዞርም። በጣም ካነሰ ሸማኔው ቶሎ ቶሎ ይቆማል፣ በቆመ ቁጥርም ምቱ ይለወጣል። ከእረፍት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ብዙ ጊዜ ጠንከር ይላሉ፤ ጨርቁን ለብርሃን ሲይዙት እንደ ቀጭን መስመር ይታያሉ። በዚህ ጋቢ ላይ እንዲህ ያለው መስመር ጥቂት ነው። ምክንያቱን ያየሁት አጠገባቸው ስቀመጥ ነው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ታደውራለች፤ መምቻው ሲመታ ድምፁን ትሰማለች። ቀሰሙ ሊያልቅ ሲል መወርወሪያው ይቀልላል፣ ድምፁም ይቀየራል። እሷ ሳትዞር እጇን ዘርግታ ሙሉውን ቀሰም ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስቀምጥለታለች። እሱም ሳያይ ያነሣዋል።

የእጅ ፈትል አንድ ችግር አለበት። ሰኞ የተፈተለው ዓርብ ከተፈተለው ጋር አንድ አይሆንም። እጅ ይደክማል፣ ጥጡም ይለያያል። ልቃቂቶቹ እንደመጡ በተራ ቢሸመኑ ጋቢው በሰፊ በሰፊ መደብ ይለያያል፤ እዚህ ነጣ፣ እዚያ ፈዘዝ። ስለዚህ እሷ ከሁለት የተለያዩ ልቃቂቶች ቀሰም ትሞላለች፣ እሱ ደግሞ እያፈራረቀ ይወረውራል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ግን በጨርቁ ሙሉ ተበትኗልና ዓይን አያገኘውም። ለኔ ከጋቢው ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ስጠይቅ ሁለቱም አንዱ ሌላውን አመለከቱ።

የክር መበጠስ ግን አይቀርም፣ ባልና ሚስት የሚጣሉትም በሱ ነው። ጠቡ ፒክልቦል በሚባል ጨዋታ ከሚነሣው ጋር ይመሳሰላል፤ ጨዋታው ቴኒስን ይመስላል፣ ሜዳው ግን ወርዱ 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥንዶች ሲጫወቱት ኩርፊያ የምታመጣው በግራ ወይም በቀኝ ያመለጠችው ኳስ አይደለችም፤ በሁለቱ መሃል ያለፈችው ናት። የማን እንደነበረች ስለማይታወቅ። የሚመከሩትም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መሃሉ የማን እንደሆነ እንዲስማሙ ነው። የተበጠሰ ድርም እንደዚያች ኳስ ነው። እሷ «አጥብቀህ ወጠርከው» ትላለች፣ እሱ «ሳታከርሪው ሰጠሽኝ» ይላል።

እነዚህ ባልና ሚስት ግን ዳኛ አላቸው፤ የክሩ ጫፍ ነው። ክሩ ሳይከርር ቀርቶ ከሆነ አይሰበርም፣ ይንሸራተታል። ጥጡ ከጥጡ ይላቀቅና ጫፉ ረዥም፣ ሹል፣ ጭራ የመሰለ ሆኖ ይቀራል። ከርሮ ሳለ ውጥረት ወይም የመምቻው ጥርስ በጥሶት ከሆነ ጫፉ አጭርና ድንገት የተቆረጠ ይመስላል፣ አጠገቡም ክሩ ተልጦ ጸጉር ያወጣል። ባልየው የተበጠሰውን ከመቀጠሉ በፊት ጫፉን ወደ ብርሃን ያነሣል። ረዥም ከሆነ ያሳያታል። አጭር ከሆነም አሳይቷት ይቀጥላል፣ ውጥረቱንም ያላላል። መጀመሪያ ላይ ረዥሞቹን ብቻ ያሳያት እንደነበር፣ አጭሮቹንም ማሳየት የጀመረው እሷ ቆይታ ዘዴውን ስትደርስበት እንደሆነ ነገረችኝ።

ለድሩ መጠንከር ሌላም መላ አለ። ከመወጠሩ በፊት በቀጭን የዱቄት ሙቅ ይነከራል። ሙቁ ሲደርቅ የክሩን ጸጉር አስተኝቶ ያጣብቀዋል። ልኩ የሚታወቀው በጣት ነው፦ ከበዛ ክሩ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ካነሰ መምቻው ይልጠዋል። ይህንን የምታደርገው እሷ ናት፤ ምን ያህል እንዳከረረችው የምታውቀው እሷ ስለሆነች።

በጣት የማይዳሰስ ነገርም አለ። ፈትል ከትልልቅ ወይዛዝርት እስከ ገበሬ ሚስት የሚያስመሰግን ሙያ ነበር። ያንኑ ክር ተቀብሎ የሚሸምነው ግን ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። ሽመና የመሬት አልባም ሥራ ነበር፤ በጎጃም ርስት ያልነበራቸው ብዙ ሙስሊሞች በሽመናና በንግድ ይተዳደሩ ነበር፤ መሬት ለሁሉም የሆነው በ1967ቱ አዋጅ ነው። አንድ ጋቢ፣ እኩሌታው ሙያ፣ እኩሌታው ስድብ። የትኛው ክር ላይ ክብሩ አብቅቶ ስድቡ እንደጀመረ ጋቢውን አገላብጬ ላገኘው አልቻልኩም።

ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን ከገበያ ይገዛል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ሌሎቹ ክር እየፈተሉ ለሸማኔም ሲያደርሱ የሴቷ ፈትል ወደ ማጉ ብቻ አፈገፈገ። በዚህ አልከፋም። የፋብሪካ ድር እምብዛም አይበጠስም፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ እኩልነቱም ለጥለት ይመቻል። ግን ከዘርፉ አንድ ክር መዝዞ የዚህን ጋቢ ድር ከፋብሪካው ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር ያው ነው። የሷ በየጥቂቱ እምብዛም የማይታይ መወፈርና መቅጠን አለው። ድሩም ማጉም እንዲህ ሲሆኑ የጨርቁ ገጽ ፍጹም ጠፍጣፋ አይሆንም፤ ብርሃን በግድም ሲወድቅበት ይንቀሳቀሳል።

የመጨረሻው ሥራ ስፌቱ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ረዥሙ ጨርቅ ተቆርጦ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተሰፍቶ ይደራረባል። መጀመሪያ ቀን የተሸመነው ጫፍ መጨረሻ ቀን ከተሸመነው ጋር ጎን ለጎን የሚውለው እዚህ ነው። በመሃል ምቱ ተለውጦ ቢሆን፣ ወይም ማጉ እየወፈረ ሄዶ ቢሆን፣ አንዱ ወርድ ከሌላው ይረዝማል፣ ስፌቱም ይጨማደዳል። የዚህን ጋቢ ስፌት ከላይ እስከ ታች በጥፍሬ ተከተልኩት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ወደ ጥለቱ ሲቃረብ፣ ትንሽ ተርፎ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የሰፋችው እሷ ናት፤ መርፌዋን እዚያ ላይ አጥብቃ ሄዳለች።

ዋጋ የምትናገረውም እሷ ናት። ባልየው ገበያ ላይ ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ እሱ ከተናገረ የሸመነበትን ቀን ብቻ አስቦ ዋጋ እንደሚቆርጥ፣ የፈተለችበት ጊዜ ግን ከሱ እጅግ እንደሚበልጥና ያንን አስቦ መጥራት የሚችለው የፈተለ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ።