«አሻግሮ ገመተ»፡ ከታወቀው ወሰን ባሻገር የሚገመተውን ስለሚገልጽ ግሥ

የሳይንስና የስታቲስቲክስ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ውሎ አድሮ «ኤክስትራፖሌት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ግሡ የላቲን ምንጭ ካለው «ኢንተርፖሌት» ላይ «በመካከል» የሚል ፍች ያለውን መነሻ ቅጥያ «ከውጭ» በሚለው በመተካት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጠረ ነው። ፍቹም የታወቀው መረጃ ከሚያበቃበት ወሰን በስተውጭ ያለውን፣ በወሰኑ ውስጥ የታየው አካሄድ ይቀጥላል በሚል ሐሳብ፣ አስልቶ መናገር ነው። እንግዲህ በፍቹ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የታለፈው ወሰን፣ ሁለተኛው «ይቀጥላል» የሚለው መነሻ ሐሳብ ነው። ባሁኑ አጻጻፋችን ግን ሁለቱም ሲጠፉ እናያለን፤ የዚህም ጽሑፍ ነቀፌታ በዚሁ ላይ ነው።

ተርጓሚዎች በብዛት የሚመርጡት «ገመተ»፣ «አጠቃለለ» ወይም «ተነበየ» ከሚሉት አንዱን ነው። እያንዳንዱን በምዕራብ ጎጃም ከሚገኘው የቡሬ አካባቢ በተወሰዱ ምሳሌዎች እንመርምር።

«ገመተ» እጅግ ሰፊ ነው። በቡሬ ገበያ ነጋዴው የበርበሬውን ጆንያ ክብደት በዓይኑ ይገምታል፤ ገበሬውም ከማሳው ዳር ቆሞ የበቆሎውን ምርት ይገምታል። ሁለቱም የሚገምቱት ነገር በፊታቸው ያለ ነው፤ ያልታወቀው ልኩ ብቻ ነው። ወሰን አልታለፈም።

«አጠቃለለ» ደግሞ ከጥቂቱ ወደ ሙሉው ይሄዳል። ከወረዳው ማሳዎች በዕጣ የተመረጡት ታጭደውና ተመዝነው ስለ ወረዳው ምርት ቢነገር ማጠቃለል ነው፤ ናሙናው የሙሉው ወኪል ነውና። በወይና ደጋው ማሳዎች ብቻ የተገኘውን የማዳበሪያ ውጤት ወስዶ ስለ ዓባይ ቆላ መናገር ግን ማጠቃለል አይባልም። እዚህ ላይ ናሙናው ካልደረሰበት ምድር ተገብቷል።

«ተነበየ» ከ«ነቢይ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን ወደሚመጣው ጊዜ ብቻ ያመለክታል። ከቆጠራዎች ተነሥቶ በ1950 ዓ.ም. የቡሬ ሕዝብ ስንት እንደ ነበረ የሚያሰላ ሰው ከታወቀው ወሰን ወደ ኋላ ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ «ተነበየ» ልንለው አንችልም። የቆላው ምሳሌም ከጊዜ ጋር ግንኙነት የለውም።

ነገሩ የቃላት ምርጫ ብቻ እንዳይመስል በአማራ ክልል የደረሰውን እናስታውስ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 13.8 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 17.2 ሚሊዮን ያህል ተገኘ፤ ይህም በዓመት 1.7 በመቶ ዕድገት ማለት ሲሆን የአገሪቱ አማካይ 2.6 በመቶ ነበር። የ1987ቱን ቁጥር በዚህ በ2.6 በመቶ እያሳደግን ብናሰላ ለ1999 ዓ.ም. ከ19 ሚሊዮን በላይ እናገኛለን። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ሕዝብ «ጠፋ» እስከ መባልም ተደረሰ። «ጠፋ» የሚለው ግሥ ግን አስቀድሞ የነበረን ነገር ይጠይቃል። ቆጠራው ጎደሎ ነበርን? ወይስ የዕድገቱ መጠን ይቀጥላል የተባለው ሐሳብ ስሕተት ነበር? ጥያቄው ይህ ሆኖ ሳለ፣ የተቆጠረውንና የተሰላውን በአንድ ዓይነት ግሥ የሚናገር ቋንቋ ጥያቄውን በትክክል ለማቅረብ እንኳ አያስችልም።

ጉዳዩም አላለፈም። በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተራዝሟል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተላልፏል። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ቡሬም ሆነ ስለ ፍኖተ ሰላም የሚጻፈው የነዋሪ ቁጥር ከመጨረሻው ቆጠራ ባሻገር የተሰላ ነው። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች እናነጻጽር፦

(ሀ) «በ2015 ዓ.ም. የቡሬ ከተማ ሕዝብ ብዛት ይህን ያህል ነው።»

(ለ) «መሥሪያ ቤቱ ከ1987 እና ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች ተነሥቶ፣ የዕድገቱ መጠን አይለወጥም በሚል ሐሳብ፣ የቡሬን ከተማ ሕዝብ ብዛት እስከ 2015 ዓ.ም. አሻግሮ ገመተ።»

(ሀ)ን ያነበበ ሰው ሕዝቡ ተቆጥሯል ብሎ ያምናል። (ለ) ግን መነሻውን፣ ሐሳቡንና መድረሻውን ለይቶ ያሳያል።

እኛ የምናቀርበው «አሻግሮ ገመተ» የሚለውን ነው። «አሻግሮ አየ»፣ «አሻግሮ ተመለከተ» በሕዝብ አንደበት የተለመዱ ናቸውና አዲሱ ሐረግ በጆሮ ላይ እንግዳ አይሆንም። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ዓባይን ይሻገራል፤ በወዲህኛው ዳር ቆሞ ስለ ወዲያኛው የሚናገር ሰው በመካከል ወንዝ እንዳለ አይዘነጋም። ቃሉም ይህንኑ ወንዝ ያስታውሳል። ለስም «አሻጋሪ ግምት» ማለት ይቻላል፤ ለተጓዳኙ «ኢንተርፖሌት» ደግሞ «በመካከል ገመተ» ይበቃል።

በተገብሮ ሲነገር ሐረጉ እንደሚያስቸግር እናውቃለን። «አሻግሮ ተገመተ» ቢባል የ«አሻግሮ» እና የ«ተገመተ» ባለቤት አንድ ስለማይሆን ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ «በአሻጋሪ ግምት ተገኘ» ማለት ይሻላል። ይሁን እንጂ ይህ ችግር ጥቅምም አለው። ግሡ በገቢር እንዲነገር ስለሚያስገድድ ወንዙን ያሻገረው ማን እንደ ሆነ ጸሐፊው እንዲገልጽ ያደርጋል።

እንግዲህ ተርጓሚዎች «ገመተ»ን በፊት ለፊት ላለው፣ «አጠቃለለ»ን ወኪል ናሙና ላለው፣ «ተነበየ»ን ለሚመጣው ጊዜ እንዲጠብቁ፣ ከታወቀው ወሰን በወጡ ጊዜ ሁሉ ግን «አሻግሮ ገመተ» እንዲሉ እናሳስባለን። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ፍቹን ሲጽፉ «ከ… ተነሥቶ» እና «እስከ…» የሚሉትን ከምሳሌው ዓረፍተ ነገር ባይለዩ መልካም ነው፤ ያለ እነርሱ ግሡ ግማሽ ነውና።