አራት ሰዎች በመርከብ ወለል ላይ

ባለፈው ዓመት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ የአንድ የቃኘው ዘማች የግል ፎቶግራፎች ለእይታ ቀርበው ነበር። አዛውንቱ ዐርፈዋል፤ አልበሙን ያመጣችው ልጃቸው ናት። አዘጋጆቹ አሳድገው መግቢያው ላይ የሰቀሉት፣ ዘማቹ የብረት ቆብ ደፍተው፣ ጠመንጃ አንግበው ብቻቸውን የቆሙበትን ነው። ይህ ምርጫ በበኩሌ አልበሙን አሳንሶታል እላለሁ።

ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተዋጋ። ከቃኘዎች ከ120 በላይ መሞታቸውን፣ አንድም አለመማረኩን ስንሰማ አድገናል። አልበሙ ግን ስለ ውጊያው አይናገርም። በበረዶ ውኃ ልብስ የሚያጥብ ወታደር፣ የትልቅ ሰው ካፖርት የለበሰ ኮሪያዊ ሕፃን፣ ደብዳቤ የሚያስነብብና የሚያዳምጥ እናያለን። ወታደር የግል ካሜራውን የሚያወጣው ተኩስ ጋብ ሲል ነውና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ከሁሉ የከበዱብኝ ሁለት ፎቶግራፎች ናቸው። በአንደኛው፣ በጉዞው መጀመሪያ፣ አምስት ጓደኛሞች በመርከብ ወለል ላይ ተደርድረዋል። በሁለተኛው፣ ሲመለሱ፣ በመርከብ ወለል ላይ የቆሙት አራት ናቸው። ከጀርባቸው በእርሳስ የተጻፈው ስም ብቻ ነው፤ በፊተኛው አምስት፣ በኋለኛው አራት። አዘጋጆቹ “ተመሳሳይ ነው” ብለው ሁለተኛውን ሳይሰቅሉት ቀሩ። አምስተኛው ኮሪያ ላይ መውደቁን የነገረችኝ ልጅቱ ናት። የቃኘው ሙታን አስከሬን ወደ አገር እንዲመለስ ተደርጓል፤ እንግዲህ እርሱም ተመልሷል፣ የእርሱን መመለስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግን በአልበሙ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው ዘማችነት የሚያስፈራ ታሪክ ሆነ። አባትየው ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚታዩባቸውን የሰልፍ ፎቶግራፎች አቃጥለው፣ የቀሩትን በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ደበቁ። የመረጠው ፍርሃት ነው ሊባል ይችላል፤ እውነት ነው። ይሁንና የኮሪያው በረዶም ቢገኝ ያስጠይቅ ነበር። የሚያስጠይቀውን ሁሉ አላቃጠሉም፤ ጓደኞቻቸውን አስቀርተዋል። የአልበሙ የመጀመሪያ አርታዒ እርሳቸው ናቸው፤ እኛ ግን በግድግዳው ላይ ብቻቸውን አቆምናቸው።

አሁን ፎቶግራፎቹ በመጽሐፍ ሊታተሙ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሚሆን እገምታለሁ፤ አልከራከርም። የምለምነው፣ ሁለቱ የመርከብ ፎቶግራፎች ፊት ለፊት በሚተያዩ ገጾች፣ ከጀርባቸው ጽሑፍ ጋር እንዲታተሙ ነው። ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ አንባቢው ራሱ ይቈጥራል።