ስለ ኢዮብ ስግደት

አንዳንድ ሐተታ ጻፊዎች ከኢዮብ መጽሐፍ ምዕራፍ 42 ተነሥተው፥ እግዚአብሔርን ያመለከ ሀብቱ እጥፍ ይሆንለታል ይላሉ። ይህስ ሰይጣን በምዕራፍ 1 ያቀረበውን ክስ እውነት ማድረግ ነው፤ ኢዮብ የሚያመልከው ለጥቅሙ ነው ብሎ ነበርና። ኢዮብ ግን በምድር ተደፍቶ የሰገደ ልጆቹ ባለቁበት፥ ከብቱ በተዘረፈበት ቀን ነው። ሀብቱም የተመለሰለት ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ እንጂ ለራሱ በለመነ ጊዜ አይደለም፤ ይህን ሳይመለከቱት ያልፋሉ።

የስሜንን ነገር እንይ። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩ ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል። በ1847 ዓመተ ምሕረት ግን እርሳቸው ድል ሆኑ፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣ ኃይሉ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የአምልኮት ዋጋው የሰው ደስታ ከሆነ፥ የውቤ መባ ከንቱ ቀረ ሊባል ነው። በደረስጌ የሚቀድስ ካህን ግን ይህን አይልም።