«ከወላጅ ወደ ልጅ» የሚለው ስያሜ የሸፈነው

እ.ኤ.አ. በ2013 «ፕሎስ ዋን» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ሱዶሎማ ኒውሮፊሊያ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ በዓሣ ዕንቁላል ውስጥ ሆኖ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አረጋግጧል። ጥናቱ ይጠቀሳል፤ የለየው ነገር ግን በአግባቡ ተይዟል ለማለት ያስቸግራል።

ተህዋሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ስያሜውን ያገኘ የማይክሮስፖሪዲያ ወገን ነው። የሚያጠቃው በሕክምና ምርምር ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚረባውን ዜብራፊሽ የተባለ ትንሽ ዓሣ ሲሆን፣ መኖሪያውም በተለይ ኅብለ ሰረሰርና የኋላ አንጎል ነው። አንዳንዱ ዓሣ ይከሳል፣ አከርካሪውም ይጣመማል፤ ብዙው ግን ጤነኛ መስሎ ይዋኛል፣ ይራባልም።

የጥናቱ ጥንካሬ ሁለት መንገዶችን መለየቱ ነው። እንስቷ ዕንቁላል ስትጥል ስፖሩ አብሮ ወደ ውሃው ሊወጣና ጫጩቶቹ በኋላ ሊውጡት ይችላሉ። በዕንቁላሉ ውስጥ ተዘግቶ መተላለፉ ግን ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ስፖሩን በእንቁልጢ ውስጥና በማደግ ላይ ባሉ ዕንቁላሎች በማይክሮስኮፕ አይተዋል፤ ውጫዊ ገጻቸው በጸዳ ዕንቁላሎችም የተህዋሱን ዲኤንኤ አግኝተዋል። ዲኤንኤው ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ የሞተ ተህዋስ ቅሪት ይሆን እንዴ የሚል ጥያቄ ይነሣ ነበር። የኅብረ ሕዋስ ምርመራው መታከሉ ክርክሩን አጠንክሮታል።

ድክመቱ በጥናቱ ሳይሆን በተጠቃሚዎቹ ዘንድ ነው። ሁለቱ መንገዶች «ከወላጅ ወደ ልጅ» በሚል አንድ ስያሜ ሲጠሩ መከላከያቸውም አንድ ይመስላል። (በኤችአይቪ ረገድ እርግዝናን፣ ምጥንና ጡት ማጥባትን ሳይለይ የሚሠራ የእናቶች ክፍል ባለሙያ የለም።) በምርምር ዘዴ ክፍል «ዕንቁላሎቹ በክሎሪን ታጥበዋል» ተብሎ ሲጻፍ እንደ ንጽሕና ማስረጃ ይወሰዳል። የተለመደው መጠን፣ ማለትም ከሚሊዮን ከ25 እስከ 50 እጅ ክሎሪን፣ በዕንቁላሉ ላይ የተለጠፈውን ስፖር እንኳ አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ አይገድልም፤ በውስጡ ያለውንማ ከቶ አይነካውም።

ጉዳቱ ዓሣው ዘንድ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በተህዋሱ የተያዙ ዓሦች የመደንገጥ ምላሻቸው ካልተያዙት የተለየ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዓይነት ዓሣ ላይ የነርቭ መድኃኒት ተሞክሮ ለውጥ ቢታይ፣ ለውጡ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የተህዋሱ?

በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ተህዋስ ነጻ የሆነ የዓሣ መንጋ የተመሠረተው ዕንቁላል በማጠብ ብቻ አልነበረም። ወላጆቹ ዕንቁላል ከጣሉ በኋላ በፒሲአር ተመርምረው፣ ነጻ የሆኑት ዝርያ ብቻ እንዲያድግ ተደርጓል። አሠራሩ አድካሚ ነው፤ ወጪም አለው። ይሁን እንጂ የዓሣን ጠባይ መለኪያ ያደረገ ጽሑፍ ሲቀርብ ገምጋሚው ሊጠይቅ የሚገባው የዕንቁላሉን እጥበት ሳይሆን የወላጆቹን የምርመራ ውጤት ነው።