ኮረምና «ጤዛ»፤ በፊልም ላይ ስለ ተጎጂው ድምፅ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብኩት፣ ስለ ነጭና ጥቁር መታረቅ፣ ስለ ባህልና ስለ መንግሥት ጫና የሚናገሩ ፊልሞች ለተጎጂው ወገን ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጡ ነው። ለምርመራው መነሻ ያደረግኋቸው ሁለት ዓይነት ሥራዎች ናቸው፤ አንደኛው የውጭ አገር ጋዜጠኞች በወሎ ያነሷቸው የረኀብ ፊልሞች፣ ሁለተኛው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። አንዱ ዜና ሌላው ድርሰት ሲሆን እንዴት ባንድ ሚዛን ይቀመጣሉ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለሰቆጣ ሰው ግን ሁለቱም የራሱን ታሪክ የሚነኩ ናቸውና ጥያቄው ያን ያህል አያስቸግረውም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሳየው፣ ማይክል በርክ የተረከውና የናይሮቢው ተወላጅ መሐመድ አሚን ያነሣው ፊልም፣ በኮረምና በመቀሌ የተሰበሰበውን ርኀብተኛ ለዓለም ገለጠ። ኮረም ላይ ከሚታዩት ውስጥ ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ በእግራቸው የተጓዙ ብዙዎች ናቸው። በዚያ ፊልም ምክንያት ከመጣው እህል ቀምሰው የተረፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ስላሉ፣ ሥራውን ማቃለል ነውር ነው። የሆነ ሆኖ እንደ ፊልም ሲመረመር፣ በውስጡ የሚናገሩት እንግዶቹ ናቸው። ባለጉዳዩ በጋቢው ተጠቅልሎ ይታያል፣ ያስላል፣ ያለቅሳል፣ ይቀበራል፤ ስሙ ግን አይጠራም፣ ከየት መንደር እንደ መጣም አይጠየቅም። ተራኪው ነገሩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረኀብ ጋር ማመሳሰሉ ለሰሚው ልብ ቅርብ ቢያደርገውም፣ የዘመኑን ጦርነትና የመንግሥቱን አሠራር ከዐይን ያርቃል። ከጥንት ጀምሮ የነበረ መቅሠፍት ከሆነ ተጠያቂ የለውማ! ነጩ ለጥቁሩ አዘነ ማለት ታረቁ ማለት አይደለም፤ ዕርቅ እንዲሆን ተጎጂው አቤት ማለት አለበት፣ ሽማግሌም ሁለቱን ወገን መስማት አለበት።

ከዚህ በፊት በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ታይቶ ነበር። ይህ ፊልም ወደ አገራችን ሲገባ የደረሰበት ዕጣ ለማናቸውም የፊልም ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ሲያሳየው፣ በረኀብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል እየቆራረጠ አስገባበት። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ልብ ማለት የሚገባን፣ ደርግ አንድም የሐሰት ሥዕል አለመጨመሩን ነው፤ ጉልበቱ ያለው በአቀማመጡ ላይ ነበር። ያው መንግሥት ከ10 ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር የወሎ ሰው እንደገና ይራብ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ርኀብተኛው ለሌላው ክርክር ማስረጃ ከመሆን አላለፈም።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ይህን ጉድለት ከማንም ይበልጥ የተረዱ ይመስለኛል። በጎንደር ተወልደው፣ በአሜሪካ ተምረው፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ስለ ባርነት የሚናገረው በባሪያዎቹ አፍ ስለ ነበረ ይሁን አይሁን እንጃ፣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ሊቀበሉት አልፈለጉም፤ አዘጋጁም አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ለጥቁር ተመልካች አሳዩት። ጫና የሚመጣው ከመንግሥት ሳንሱር ብቻ አለመሆኑን ይህ ይመሰክራል።

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ በጣና አጠገብ ወዳለ የእናቱ መንደር ይመለሳል። እግሩን ያሳጡት በቀለሙ የጠሉት ጀርመኖች ናቸው። ጓደኛውን ተስፋዬን የገደሉት ግን የገዛ አገሩ ሰዎች፣ ያውም በአብዮት ስም የሚምሉ ናቸው። የፊልሙ ትልቁ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ ክፋትን ሁሉ በነጩ ላይ ጭኖ እኛን ነጻ አያወጣንም። ተስፋዬ ለአገሩ ብሎ ሲመለስ ጀርመናዊት ሚስቱንና ልጁን ቴዎድሮስን ትቷቸው ነበር። ያ ልጅ በነጮች መካከል ጥቁር ሆኖ ያለ አባት ሲያድግ፣ በደለኛው ማን ነው? ጀርመን ብቻ ነውን? አባቱስ? እኔ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ይታዩልን የነበሩት ፊልሞች ነጩና ጥቁሩ በመጨረሻ ሲጨባበጡ ያበቁ ነበር። እዚህ ግን ጭብጨባ የለም፤ ጥያቄው ተመልካቹ ላይ ይወድቃል።

በመንደሩ በኩል፣ ወጣቶች ከወታደር ምልመላ ሸሽተው በዋሻ ሲደበቁ የሚታየው ክፍል ለደጋው ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በተራራው ላይ የቀረው የሙሶሊኒ ሐውልትም እንዲሁ ነው። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የወደቁትን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን የሚያስታውስ የዋግ ሰው ያን ድንጋይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት ቀላል ነው።

ይሁን እንጂ የማልስማማበት አለ። ልጆቹን የሚያድኑት ወታደሮች ስምም ፊትም የላቸውም፤ እነርሱም የአንድ ገበሬ ልጆች መሆናቸው ተረስቷል። መጨረሻ ላይ የአዛኑ ልጅ ሲወለድ ተስፋ ተወለደ እንድንል እንጋበዛለን። ሕፃን ግን ባልተፈረደ ደም መካከልም ይወለዳል። አዘጋጁ ለሁለት ሰዓት ሲያከብሩት የኖሩትን ከባድ ጥያቄ በአንድ ልቅሶ ማቅለላቸው አሳዝኖኛል።

ይህን የምለው በመራቀቅ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት የዋግን ሰው ከአበርገሌና ከጻግብጂ አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ አምጥቶታል። አበርገሌ የሚባል ወረዳ በአማራም በትግራይም በኩል አለ፤ ኽምጣንጋ የሚናገር ሰውም በወዲያና በወዲህ ይገኛል። በዚህ ወሰን ላይ ስለ ዕርቅ ፊልም የሚሠራ ሰው ቢነሣ፣ የተፈናቀለችውን እናት በጋቢዋ ተጠቅልላ ቢያሳያት ኮረምን ደገመ ማለት ነው። ወታደሩንም ስም ቢነሣው የ«ጤዛ»ን ጉድለት ወረሰ። ሁለቱንም በየቋንቋቸው ያናግራቸው፤ ኽምጣንጋውን በአማርኛ ተራኪ አይሸፍነው፣ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍ።

ለጊዜው ከኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ ያልሆነ ሥራ አለ። በ1977 ዓ.ም. ወደ ኮረም በእግራቸው የሄዱ ሽማግሎችና አሮጊቶች ከቀን ወደ ቀን እያለቁ ናቸው። የቢቢሲውን ፊልም ይዘን ሄደን፣ ድምፁን ዘግተን፣ ለነርሱ አሳይተን የሚሉትን በቋንቋቸው መቅዳት ይቻላል።